መድኃኒት ቀማሚ የት ይማር?

በቅሎ የሚገዛ ሰው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ጤፍ የሚገዛ ሰው በመዳፉ አሽቶ እፍ ብሎ ገለባውን ይለያል፤ ሸማ የሚገዛም ድሩንና ጥለቱን በጣቱ ይዳስሳል። ሻጩ ሊያታልለው ቢሞክር ገዢው በዓይኑና በእጁ ይከራከረዋል። መድኃኒት የሚገዛ ሰው ግን ይህ ሁሉ መከራከሪያ የለውም። ነጭ ዱቄት በወረቀት ተጠቅልሎ ቢሰጠው የሚያድን ይሁን የሚገድል፣ ልኩ የበዛ ይሁን ያነሰ፣ ንጹሕ ይሁን የተቀላቀለ ለይቶ ማወቅ አይችልም። ይልቁንም መድኃኒት ፈላጊ አብዛኛውን ጊዜ ወይም ራሱ የታመመ፣ ወይም በቤቱ ሕመምተኛ አስተኝቶ የመጣ ስለ ሆነ ለመመርመር ጊዜም ልብም የለውም። ስለዚህ የሚያምነው መድኃኒቱን ሳይሆን መድኃኒቱን የሚሰጠውን ሰው ነው።

ይህ እምነት መሠረት የሚያገኘው ሰውዬው በተማረው ትምህርት ነው። ትምህርቱ ምን ምን እንደሚሆን፣ የቱ እንደሚቀድምና የቱ እንደሚከተል፣ በስንት ዓመትም እንደሚፈጸም የሚወስን ደግሞ ሌላ ሰው አለ። ይህ ሰው በመድኃኒት መሸጫው አይታይም፤ ሕመምተኛውም ስሙን አይሰማም። ነገር ግን ሥርዓተ ትምህርቱን በደንብ ያዘጋጀ እንደ ሆነ የማያውቁት ብዙ ሰዎች ይድናሉ፤ ያበላሸው እንደ ሆነም የማያውቁት ብዙ ሰዎች ይጐዳሉ። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ዕድሜያቸውን ለዚህ ለማይታይ ሥራ የሰጡትን የአሜሪካዊውን መምህር የፕሮፌሰር አልበርት ፕሬስኮትን ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የሰውዬውን ሥራ ለመመዘን ከእርሳቸው በፊት የነበረውን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት መድኃኒት መቀመም የሱቅ ሙያ ነበረ። ሙያውን የሚፈልግ ወጣት ከአንድ ባለ መድኃኒት ዘንድ ተቀጥሮ ይገባል፤ ወለል ይጠርጋል፣ ጠርሙስ ያጥባል፣ ሥርና ቅርፊት በሙቀጫ ይወቅጣል፣ እያደር ሚዛን ይይዛል፤ በመጨረሻም ሐኪም የጻፈውን ወረቀት እያነበበ ራሱ ይቀምማል። በ1821 የፊላደልፊያ ከተማ ባለ መድኃኒቶች ተሰብስበው በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የመድኃኒት ቅመማ ኮሌጅ መሠረቱ። ኮሌጁም የመድኃኒት ባለሙያዎቹ የራሳቸው ማኅበር ነበረ፤ ከዩኒቨርሲቲ ጋር አንድነት አልነበረውም። ሌሎች ከተሞችም ይህንኑ ተከትለው እየመሠረቱ ሄዱ። በ1846 በፊላደልፊያው ኮሌጅ የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ራሱን የቻለ ወንበር ሲያገኝ ወንበሩ ለዊልያም ፕሮክተር ተሰጠ፤ እኒህ መምህር የአሜሪካ ፋርማሲ አባት እየተባሉ የሚጠሩ ናቸው።

በነዚህ ኮሌጆች ትምህርት የሚሰጠው በማታ ነበረ፤ ምክንያቱም ተማሪው ቀኑን በሱቅ ሲሠራ ስለሚውል ነው። ዲፕሎማ ለመቀበልም በታወቀ ባለ መድኃኒት ዘንድ አራት ዓመት ያህል በሥራ ልምምድ መቈየት ግዴታ ነበረ። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ዋናው ትምህርት ቤት ሱቁ ነው፤ ኮሌጁ ለሱቁ አጋዥ ነው።

ይህን ልማድ ፈጽሞ መናቅ አይገባም። በሱቅ የሠለጠነ ወጣት እጁ የፈታ ነበረ፤ ሚዛኑን አይስትም፤ የሐኪሙን የተወሳሰበ ጽሕፈት ያነባል፤ ከሕመምተኛ ጋር በትዕግሥት መነጋገርን ይለምዳል። ይሁን እንጂ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ልምምድ የጌታውን ዕውቀት ያስተላልፋል፤ የጌታውንም ስሕተት አብሮ ያስተላልፋል። ጌታው ያላወቀውን ለማጁ ከወዴት ያገኘዋል? ጌታው በልማድ የሚያደርገውንም ለምን እንደሚያደርገው ካልጠየቀው ለማጁም ጠያቂ ሆኖ አያድግም።

ጉዳቱም በግልጽ ይታይ ነበረ። ለምሳሌ የወባ ትኩሳት መድኃኒት የሆነው ኪኒን የሚወጣው ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ነው። በሱቅ የሠለጠነ ሰው ቅርፊቱን በመልኩ፣ በሽታውና በምሬቱ ያውቀዋል። ነገር ግን ሁለት ቅርፊት በመልክ ተመሳስሎ በውስጡ ያለው ኪኒን እጅግ ሊበላለጥ ይችላል። ዓይንና ምላስ ይህን ሊመሰክሩ አይችሉም፤ የሚመሰክረው ቅርፊቱን በኬሚስትሪ መንገድ ፈትቶ ኪኒኑን ለብቻው አውጥቶ መመዘን ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ከባሕር ማዶ ወደ አሜሪካ የሚገባው መድኃኒት የተቀላቀለና የተበላሸ እየሆነ ስላስቸገረ፣ የአገሪቱ ምክር ቤት በ1848 ከውጭ የሚገባ መድኃኒት በወደብ እንዲመረመር ሕግ አወጣ። ሕጉ ወጣ፤ መርማሪ ግን በሕግ አይወለድም፤ በትምህርት ይዘጋጃል እንጂ።

አልበርት ቤንጃሚን ፕሬስኮት የተወለዱት በ1832 በኒው ዮርክ ግዛት ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1864 በሐኪምነት ተመረቁ። ወቅቱ አገራቸው በእርስ በርስ ጦርነት የምትታመስበት ስለ ነበረ በሰሜኑ ጦር ውስጥ በረዳት ሐኪምነት አገለገሉ። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ወደ ተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው የኬሚስትሪ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኑ።

ዩኒቨርሲቲው ከ1856 ጀምሮ ለኬሚስትሪ ብቻ የተሠራ ላቦራቶሪ፣ ይኸውም ተማሪ በገዛ እጁ የሚመረምርበት ቤት፣ ነበረው። ፕሬስኮትም የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት በዚህ ቤት ላይ ሊመሠረት እንደሚገባ ተረዱ። በ1868 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ሲከፈት ሥርዓቱ ከቀድሞዎቹ ኮሌጆች በሦስት ነገር የተለየ ሆነ። አንደኛ፣ ትምህርቱ ደክሞ ለዋለ ሰው በማታ የሚሰጥ መሆኑ ቀርቶ በቀን የሚሰጥ፣ የተማሪውንም ሙሉ ጊዜ የሚይዝ ሆነ። ሁለተኛ፣ ተማሪው መምህሩ ሲናገር ሰምቶ እንዲሄድ ብቻ ሳይሆን በላቦራቶሪው ቆሞ በእጁ እንዲመረምር ተደረገ። ሦስተኛውና ብዙ ጠብ ያነሣው፣ ዲፕሎማ ለመቀበል በሱቅ ዓመታት መለማመድ ግዴታ መሆኑ ቀረ። ከ1870 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ሴቶችን መቀበል ስለ ጀመረ የዚህ ሙያ በር ለእነርሱም ተከፈተ።

በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈ አንባቢ የነገሩን ምስጢር ከራሱ ቤት ያውቀዋል። ዜማን ከመምህሩ አፍ ብቻ ተቀብሎ የሚያዜም ሰው አለ፤ ምልክቱን ተምሮ የሚያዜምም አለ። ሁለቱም በሰላሙ ቀን አንድ ሆነው ይሰማሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው በተጠራጠረ ጊዜ የሚመለስበት ነገር የለውም፤ መምህሩ ከሌለ ጥርጣሬው እንደ ያዘው ይቀራል። ሁለተኛው ግን ድጓውን ገልጦ ምልክቱን ያያል፤ ስሕተቱንም ራሱ ያቃናል። ፕሬስኮት ለመድኃኒት ቀማሚው ሊሰጡት የፈለጉት ይህን ምልክት ነበረ። ጌታው ሳይኖር፣ የዕቃው ሻጭ ቢዋሽ፣ አዲስ መድኃኒት ቢመጣ፣ በራሱ መርምሮ እውነቱን የሚያውቅበትን መንገድ ማለታችን ነው።

በ1871 የአሜሪካ መድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር በሴንት ሉዊስ ከተማ ጉባኤ አደረገ። ማኅበሩ በ1852 የተመሠረተ፣ በሙያው የታወቁት ሰዎች የሚገኙበት ታላቅ ማኅበር ነው። ፕሬስኮትም የሚሺጋንን ትምህርት ቤት ወክለው እንደ ሌሎቹ ኮሌጆች እንደራሴ ለመቀመጥ ቀረቡ። ጉባኤው ግን የእንደራሴነት ወረቀታቸውን አልተቀበለም። ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ በመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር የሚተዳደር አይደለም፤ የሚያስመርቃቸውንም ተማሪዎች በሱቅ ልምምድ ከሌሎቹ ምሩቃን ጋር እኩል አድርጎ ለማውጣት የሚያስገድድ ደንብ የለውም የሚል ነበረ።

የተቃዋሚዎቹን ክርክር በቅን ልቡና መመልከት ይገባል። እነርሱ ያሉት ከንቱ ነገር አልነበረም። መጽሐፍ አንብቦ፣ በጠርሙስ ፈትኖ፣ ነገር ግን ሕመምተኛ ከፊቱ ቆሞ የማያውቅ ወጣት በአንድ ጊዜ በመድኃኒት ቤት ቢቀመጥ እጁ ሊሳሳት ይችላል። ደግሞም ብዙዎቹ ያን ሙያ በላባቸው ያገኙት ሰዎች ስለ ነበሩ የሕይወታቸው መንገድ ከንቱ ተብሎ የተነገረ መሰላቸው። ማንም ሰው ራሱ ያለፈበት በር ሲዘጋ ዝም ብሎ አያይም።

የፕሬስኮት አቋም ደግሞ ይህ ነበረ። ልምምድ አስፈላጊ መሆኑን አልካዱም፤ ነገር ግን በሱቅ ያለፈ ዘመን ብቻውን የዕውቀት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። አራት ዓመት በሱቅ የቈየ ሰው አራት ዓመት እንደ ተማረ ማን ይመሰክርለታል? ምናልባት አንዱን ዓመት አራት ጊዜ ደግሞት ይሆናል። ሳይንሱን በወጣትነቱ በሚገባ ያልተማረ ሰው በኋላ በሥራ ብዛት ተይዞ ለመማር ጊዜ አያገኝም፤ ሳይንሱን ያወቀ ግን የሱቁን ሥራ ፈጥኖ ይለምዳል። የዩኒቨርሲቲ ግዴታ በሱቅ ሊገኝ የማይችለውን ማስተማር ነው የሚል ነበረ።

ከዚያ ጉባኤ ሲመለሱ ያደረጉት ነገር ለባለ ሥልጣንና ለመምህር ሁሉ ምሳሌ የሚሆን ነው። በጠብ ጊዜያቸውን አላባከኑም። ወደ ላቦራቶሪያቸው ተመልሰው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ማስተማሪያ መጽሐፍ ባልነበረበት ዘርፍ መጽሐፍ ጻፉ፤ ስለ ኬሚስትሪ ምርመራ መንገድ፣ ከዕፀዋትም የሚወጡትን ንጥረ ነገሮች ለይቶ ስለ ማወቅ ያዘጋጇቸው መጻሕፍት ከ1874 አንሥቶ እየታተሙ ወጡ። ሥርዓተ ትምህርት በወረቀት ላይ ተጽፎ ብቻ እንደማይሠራ፣ መጽሐፍም፣ መሣሪያም፣ የሠለጠነ መምህርም እንደሚያሻው ያውቁ ነበረ። በ1876 የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ሲሆን የመጀመሪያው ዲን እርሳቸው ሆኑ፤ በዚህም ሹመት እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ 29 ዓመት ያህል ቆዩ።

ሐሳባቸውም በሌሎች ግዛቶች ሥር እየሰደደ ሄደ። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በ1883 የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ከፈተ፤ በ1892 ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ክሬመርስ የአራት ዓመት ሥርዓተ ትምህርት አቆሙ። አራት ዓመት በሱቅ ይለመድ ይባል የነበረው አራት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ወደ መማር ተለወጠ ማለት ነው።

ፕሬስኮትም በሳይንስ ሰዎች ዘንድ ክብር አገኙ፤ በ1886 የአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር፣ በ1891 የአሜሪካ የሳይንስ ማስፋፊያ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይልቁንም የሚያስደንቀው በ1871 ወረቀታቸውን ያልተቀበለው የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ራሱ በ1899 ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መምረጡ ነው። በ1900 የአገሪቱ የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ቤቶች መምህራን የትምህርታቸውን ደረጃ በአንድነት ለመወሰን ጉባኤ ሲመሠርቱም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እርሳቸው ሆኑ። በ1905 በየካቲት ወር ዐረፉ። በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ግዛት መድኃኒት ለመቀመም ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ከመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ቤት የተመረቀ መሆን አለበት የሚለውን ሕግ በሥራ ላይ አዋለ፤ በአገሪቱም ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ግዛት እርሱ ነው። በ1906 ደግሞ ንጹሕ ምግብና መድኃኒትን የሚመለከተው የመላው አገሪቱ ሕግ ወጥቶ የመድኃኒቶች የንጽሕና ልክ በሕግ የሚጠየቅ ሆነ። በላቦራቶሪ የሠለጠኑ ሰዎች አስቀድመው ባይዘጋጁ ኖሮ ይህን ሕግ ማን ይፈጽመው ነበረ?

ነገር ግን ታሪኩ በፕሬስኮት ድል ተፈጸመ ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። መምህራኑ የመሠረቱት ጉባኤ የትምህርቱን ትንሹን ልክ በ1907 ሁለት ዓመት፣ በ1925 ሦስት ዓመት፣ በ1932 አራት ዓመት አደረገው። በ1927 ፕሮፌሰር ቻርተርስና ጓደኞቻቸው አንድ ትልቅ ጥናት አሳተሙ። የጥናቱም መንገድ አዲስ ነበረ፤ መምህሩ ማስተማር የሚወደው ምንድር ነው ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ መድኃኒት ቀማሚው በየቀኑ የሚሠራው ምንድር ነው፣ ለዚህስ ምን ማወቅ ያስፈልገዋል ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ሥርዓተ ትምህርትን ከመምህሩ ፈቃድ አውጥቶ በሥራው ሚዛን ላይ አኖረው።

በኋላም ፋብሪካዎች መድኃኒቱን ተቀምሞና ተመዝኖ የተዘጋጀ አድርገው ማቅረብ ሲጀምሩ የመድኃኒት ቀማሚው የሙቀጫ ሥራ እየቀነሰ ሄደ። ታዲያ ይህ ሁሉ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ዕውቀቱ ለምን ይሆናል የሚል አዲስ ጥያቄ ተነሣ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1950 የስድስት ዓመት የዶክተርነት ትምህርት ጀመረ። በ1960 በአገሪቱ ሁሉ ትንሹ ልክ አምስት ዓመት ሆነ። በ1966 በሳን ፍራንሲስኮ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በዘጠነኛው ፎቅ መድኃኒት ቀማሚዎች ሕሙማን ከሚተኙበት ክፍል አጠገብ ተቀምጠው፣ ሐኪሞችን እያማከሩ፣ ሕሙማኑ የሚወስዱትን መድኃኒት እየተከታተሉ መሥራት ጀመሩ። ከ2000 ጀምሮ ወደ ሙያው ለሚገቡ ተማሪዎች የዶክተርነቱ ትምህርት ብቸኛው መግቢያ ሆነ።

አሁን የ1871ን ክርክር መለስ ብለን ብናይ አንድ ነገር እንገነዘባለን። ዛሬ በአሜሪካ የፋርማሲ ተማሪ ሊመረቅ የሚችለው በመድኃኒት ቤትና በሆስፒታል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢያንስ 300 ሰዓት፣ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ቢያንስ 1440 ሰዓት በሥራ ላይ ሲለማመድ ነው። እንግዲህ ልምምድ ተመልሶ መጥቷል። ነገር ግን የተመለሰው በቀድሞ መልኩ አይደለም። ቀድሞ ሱቁ ቤት፣ ትምህርት ቤቱ እንግዳ ነበረ፤ ዛሬ ልምምዱ በትምህርት ቤቱ ሥርዓት ውስጥ ገብቶ፣ ምን እንደሚለመድ ተጽፎ፣ የሚያለማምደውም ሰው ታውቆ፣ ተማሪው ምን እንዳወቀ የሚመዘን ሆኗል። ስለዚህ የሴንት ሉዊስ ተቃዋሚዎች ያለ ልምምድ መድኃኒት ቀማሚ የለም ማለታቸው እውነት ነበረ፤ ፕሬስኮትም ያለ ሳይንስ ልምምድ ዕውር ነው ማለታቸው እውነት ነበረ። ሁለቱን እውነቶች በአንድ ሥርዓት ለማዋሐድ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

በአገራችንም ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የፋርማሲ ትምህርት በ1961 ተከፍቶ፣ ከዚያ ወዲህ ጐንደርን፣ ጅማንና መቀሌን በመሳሰሉት ዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርቱ ተስፋፍቷል። ኢትዮጵያ ከመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲውን መንገድ ስለ መረጠች አሜሪካኖች የተጣሉበትን የመጀመሪያ ጠብ ሳትጣላ አልፋለች። ሁለተኛው ሥራ ግን፣ ይኸውም ዕውቀትንና ልምምድን ማስታረቅ፣ ለማንም አገር በነጻ አልተሰጠም።

ከዚህ ታሪክ ሥርዓተ ትምህርት የሚያጸድቁ ባለ ሥልጣኖች ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ ተማሪው ስንት ዓመት ተቀመጠ ሳይሆን ምን ማድረግ ቻለ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በወረቀት የተጻፈው ላቦራቶሪ በቤቱ አለ ወይ? ሚዛኑ ይሠራል ወይ? መጽሐፉ ለተማሪው ይደርሳል ወይ? የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ ተማሪው ለልምምድ የሚላክበት መድኃኒት ቤት የሚያስተምር ነው ወይስ እንደ ተላላኪ የሚጠቀምበት ነው የሚለው ነው። በልምምድ ስም ተማሪው ሣጥን ሲያነሣና መዝገብ ሲገለብጥ ብቻ ቢውል የ1820ዎቹ የሱቅ ለማጅ በዩኒቨርሲቲ ስም ተመለሰ ማለት ነው።

ሥርዓተ ትምህርትን የሚያዘጋጅ ሰው የሥራውን ፍሬ ፈጥኖ አያይም። ሕንጻ ያሠራ ሰው ሕንጻውን በጣቱ ያሳያል፤ ድልድይ ያሠራም ሰው ሲሻገርበት ይመለከታል። የትምህርት አዘጋጅ ሥራ ግን ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በማያውቀው ከተማ፣ በማያውቀው ሰው እጅ ይገለጣል። ፕሬስኮት በጉባኤ ካፈሩበት ቀን እስከ ተሾሙበት ቀን ድረስ ሃያ ስምንት ዓመት ጠብቀዋል፤ በነዚያም ዓመታት መመስገን ሳይቸኩላቸው በየማለዳው ላቦራቶሪውን ከፍተው አስተምረዋል። ለሹመትና ለምስጋና የሚቸኩል ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻለዋል።

ሌሊት ልጇ በትኩሳት የነደደባት እናት በመድኃኒት ቤት ደጃፍ ቆማ የሚሰጣትን ስትቀበል ስለ ሚሺጋንም ስለ ሴንት ሉዊስም አታውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅባትም። መድኃኒቱን የሚሰጣት ሰው ልኩን በሕፃኑ ክብደት መጠን አስልቶ፣ ከሌላ ከሚወስደው መድኃኒት ጋር እንዳይጋጭ ጠይቆ፣ አወሳሰዱን በሚገባት ቋንቋ አስረድቶ ይሰጣት ዘንድ ግን ከዓመታት በፊት አንድ ሰው በወንበሩ ተቀምጦ፣ ይህ ወጣት ምን ይማር? የቱን አስቀድሞ ይማር? ብሎ በጥንቃቄ አስቦ መሆን አለበት። ያ ሰው ሥራውን በደንብ ሠርቶ እንደ ሆነ እናቲቱ ሳታውቀው ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።